ሊቲየም ያልኳት ብረት

ማስተርሴን ስሠራ ውሎና አዳሬ ከቀይ ግዙፍ ኮከቦች ስፔክትረም፣ ማለትም በየቀለሙ ከተበተነ ብርሃናቸው ጋር ነበር። ቴሌስኮፕ ነክቼ አላውቅም። ዳታውን ከኢንተርኔት አውርጄ፣ ላፕቶፔ ላይ አፍጥጬ አንዲት መስመር እፈልጋለሁ፤ 670.8 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ላይ ሊቲየም ብርሃኑን ውጦ የሚተዋትን ጥቁር መስመር።

ለምን ሊቲየም? እዚያ ብዙ መገኘት ስለሌለበት ነዋ። ሙቀቱ 2.5 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይቃጠላል። ኮከቡ አርጅቶ ሲያብጥ ደግሞ ጋዙ እንደ ድስት ወጥ ከሥር ይማሰልና ሊቲየም ያለቀበት ጋዝ ወደ ላይ ይወጣል። ሆኖም ከመቶ ቀይ ግዙፍ አንዱ ገደማ ሊቲየም ሞልቶት ተርፎት ይገኛል። ሳይንቲስቶቹ ካሜሮንና ፋውለር እ.ኤ.አ. በ1971 ያቀረቡት ሐሳብ አለ፤ ኮከቡ ውስጥ የተፈጠረው ቤሪሊየም-7 የተባለ ንጥረ ነገር ቶሎ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ካመለጠ እዚያ ሊቲየም ይሆናል። በቀይ ግዙፎቹ ውስጥ ማማሰያውን የያዘው ማን እንደሆነ ግን እስካሁን ያከራክራል።

እና አንድ ቀን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ልክ 670.8 ላይ ጥልቅ ያለች መስመር አየሁ። እንቅልፌ ብን አለ። ስክሪንሹት አንስቼ የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ «አገኘኋት!!!» ብዬ ለቀቅኩ። ጓደኞቼ የእሳት ኢሞጂ አወረዱት።

ጠዋት አማካሪዬ አንድ መስመር ብቻ ጻፉ። «እስቲ ካልሲየሟን አሳየኝ።»

የሊቲየም ጎረቤት ካልሲየም ናት፣ 671.8 ላይ። ሄጄ ሳይ ቦታው ባዶ ነው፣ ጭራሽ ምንም የለም። ትንሽ ወደ ቀኝ ስል 672 ላይ ቁጭ ብላለች። ያኔ ነው ላብ ያጠመቀኝ። ኮከቧ በሴኮንድ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ እየራቀችን ስለሆነ መስመሮቿ በሙሉ ወደ ቀዩ፣ ወደ ረጅሙ የሞገድ ርዝመት፣ ተንሸራተዋል፤ 670.5 ላይ መቀመጥ የነበረባት የብረት መስመር መጥታ የሊቲየም ወንበር ላይ ተደላድላለች።

ፍጥነቱን የሚያርም ኮድ ነበረኝ እኮ! ችግሩ የዚህች ኮከብ ፍጥነት ሠንጠረዡ ላይ አልተሞላም፤ ኮዴ ደግሞ ባዶ ሲያገኝ ዜሮ ብሎ ያልፋል። ያቺን ትእዛዝ የጻፍኳት ራሴ ነኝ፣ ከሳምንታት በፊት፣ ኮዱ ኤረር እያለ ሲያስቸግረኝ «ለአሁኑ ይሁን» ብዬ።

ግሩፑን ከሰዓት ስከፍት ስሜን «ብረቱ» ብለው ለውጠውታል። ጽሑፉን ልሰርዘው አስቤ ነበር፣ ግን ሁሉም አይቶታል።