እንኳን አደረሳችሁ፤ ነፋሱ ከግራ ነው

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ! ከፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ዳር ላደራችሁም፣ ከሩቅ ሆናችሁ በስልክ ለምታዩትም። ትናንት ከተራው በነፋስ ነው የዋለው፤ ጃኖው ሁሉ ሸራ ሆኖ ነበር።

ይህን ነፋስ ባየሁ ቁጥር የሚታወሰኝ የብስክሌት ጓደኛዬ ባሕር ዳር ነው፤ እኔ ጎንደር። በመካከላችን ወደ 180 ኪሎ ሜትር አስፋልት አለ፦ ወረታ፣ አዲስ ዘመን፣ እንፍራዝ፣ ማክሰኚት፣ አዘዞ። ለ2015ቱ ጥምቀት ያንን መንገድ በሁለት ቀን በብስክሌት መጥተንበታል። ከዚያ ወዲህ በብስክሌት ይቅርና በመኪናም ለመነሣት ሰው ስንት ጊዜ ደውሎ እንደሚጠይቅ ታውቃላችሁ።

ጥር ላይ፣ ወረታ አካባቢ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ነፋስ ሰዓት ያውቃል። ጠዋት የለም ማለት ይቻላል። ፀሐይ ስትከር ግን የብሱ ከጣና ውሃ ቀድሞ ይሞቃል፤ የሞቀው አየር ሲነሣ ቀዝቃዛው ከሐይቁ መጥቶ ይተካዋል። ወደ ጎንደር ለሚነዳ ሐይቁ በግራ ነውና ከሰዓት በኋላ ግራ ጉንጩን ይጋረፈዋል። ከባሕር ዳር ጠዋት 12 ሰዓት የወጣ ሰው ከ4 ሰዓት በፊት ወረታን ያልፋታል። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ የጠበቀ ግን ሜዳውን ከነነፋሱ ይረከባል። (እኛ ቡናውን ጠብቀናል።)

ነፋስ ከግራ ሲመጣ ተከታዩ የሚጠለለው ከፊተኛው ኋላ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ወደ ቀኝ ፈቀቅ ብሎ ነው። እኛ አገር ደግሞ የሚነዳው በቀኝ ስለሆነ ፊተኛው የአስፋልቱን ጠርዝ ከያዘ ለተከታዩ የሚተርፈው ጠጠር ብቻ ነው። ስለዚህ ፊተኛው አንድ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ጀማሪ ይህን አያውቅም፤ መኪና ፈርቶ ጠርዙን ሙጥኝ ይላል፣ ጓደኛውን ለነፋስ አሳልፎ ይሰጣል። ነፋሱ ከቀኝ ሲሆን መጠለያው መሐል መንገድ ላይ ይወድቃል፤ ያኔ አንዱ ባንዱ ኋላ ሆኖ ትንሽ መነፈስ ይሻላል።

ሲኖትራክ ሲመጣ ጉዱ ሌላ ነው። ከግራው ነፋስ ጋር የሚታገል ብስክሌት ሳይታወቅ ወደ ግራ ጋደል ብሎ ነው የሚሄደው። መኪናው በግራ ሲደርስ ነፋሱ ቀጥ ይላል፣ የተጋደለው ሰው ወደ መኪናው ያዘነብላል፤ መኪናው ሲያልፍ ያው ነፋስ ተመልሶ በጥፊ ይለውና ወደ ጠጠሩ ይገፋዋል። ድምፁን ቀድሞ መስማት፣ ደረትን ዝቅ፣ ክርንን ላላ ማድረግ ነው። መሪውን አንቆ የያዘ ሰው የነፋሱን ምት በገዛ እጁ ለፊት ጎማ ያቀብላል። ድንኳንና ብርድ ልብስ ከላይ ከፍ አድርጎ ማሰርም ያው ሸራ መዘርጋት ነው፤ ዕቃ ወደ ታች፣ ከጎማው አጠገብ።

ከአዲስ ዘመን በኋላ መንገዱ ሲጠማዘዝ ነፋሱ ከፊት ይሆናል። ሒሳቡ ክፉ ነው፦ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው 15 ኪሎ ሜትር ነፋስ ከፊት ቢመጣበት አየሩ የሚይዘው ሁለት ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። ማርሽ ዝቅ አድርጎ ፍጥነትን መርሳት ብቻ። በ20 የታሰበ 60 ኪሎ ሜትር በ12 ሲሄድ ሦስቱ ሰዓት አምስት ይሆናል፤ ውሃውም በዚያው ልክ። ቆሎ አይሆንም፣ እየተነፈሱ ሲያኝኩት ትን ይላል። የበሶ ጭብጦ፣ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ጉርሻ።

መምራቱ አምስት አምስት ደቂቃ ነበር፣ ቢያንስ በስምምነት። ጓደኛዬ ግን ተራው ሲያልቅም አይለቅም። አንዴ ዞር ሲል ከግራ ዓይኑ የወጣው እንባ በነፋሱ ተገፍቶ፣ አፍንጫውን ተሻግሮ፣ ቀኝ ጉንጩ ላይ ካለው አቧራ ውስጥ ቦይ ቆፍሮ ነበር። «ጎማህን ከጎማዬ ኋላ አድርግ!» ብሎ ጮኸ፤ ደግ አደረገ። ጎማ ለጎማ ሲነካካ የሚወድቀው ኋለኛው ነው።

እንፍራዝ ሳንደርስ ከኋላ ጎማው «ጥን» አለ። የቸርኬ ሽቦ። በማርሹ በኩል መሆኑን ሳያይ ነገረኝ፤ በዚያ ጎን ያሉት ይበልጥ የተወጠሩ ስለሆኑ ከጭነትና ከዳገት ጋር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚበጠሱት እነሱ ናቸው። የተሰበረውን በጎረቤቱ ላይ ጠመጠመው፣ ከአጠገቡ ያሉትን ሁለት የግራ ሽቦዎች በትንሿ ቁልፍ ግማሽ ግማሽ ዙር አላላ፣ የኋላ ፍሬኑን ፈታ። ቸርኬው እንደ ሰካራም እየተወላገደ ማክሰኚት ገባ።

ምስጋናዬ እዚህ ላይ ነው። ለማክሰኚቱ ጎሚስታ፦ ጋሼ፣ ልኩ ሽቦ ሲጠፋ ከአሮጌ ጎማ ነቅለው፣ ጭንቅላቱን ቆርጠው፣ ጫፉን እንደ መንጠቆ አጥፈው፣ ማርሹ ሳይፈታ አስገቡት፤ «የጥምቀት ነው» ብለው ሒሳብም እምቢ አሉ። ያ ሽቦ ዛሬም አለ። እንፍራዝ ላይ የበር ጥላና አንድ ማሰሮ ውሃ ለሰጡን እናታችን፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ድልድዩን እስክንሻገር ጥሩምባ ሳይነፋ ከኋላችን ላዘገመው የአይሱዙ ሾፌርም፣ ባለህበት ሰላም ሁን።

ዛሬ ነጠላ ለብሳችሁ ብስክሌት ለምትነዱ የጎንደር ልጆች፦ ጫፉን ወገባችሁ ላይ እሰሩት፣ ነፋሱ ወደ ኋላ ጎማ ወስዶ ነው የሚያስጠመጥመው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የተባለው ለዚህ አይደለም።

አንተ ወንድሜ፣ እንኳን አደረሰህ። የምመኝልህ ጤና ብቻ አይደለም፤ ያ መንገድ ማንም ማንንም ሳይፈራ የሚነዳበት ሆኖ በ12 ሰዓት እንድትነሣበት ነው፣ ያለ ቡና። እስከ ወረታ ወጥቼ እቀበልሃለሁ፤ ከዚያ በኋላ የግራው በኩል የኔ ነው። ትንሿ የሽቦ ቁልፍ አንተ ቦርሳ ውስጥ ቀርታለች፣ ስትመጣ እንዳትረሳት።