ልኬቷን የሰጠችኝ ለቀሚስ ነው

የሀበሻ ቀሚስ በኦንላይን መሸጥ ስትጀምሩ ማንም የማይነግራችሁ ነገር አለ። የሰው ገመና ያዥ ትሆናላችሁ።

ቀሚስ ለማሰፋት የደረት፣ የወገብና የዳሌ ልኬት ያስፈልገኛል። ለመላክ ስልክና አድራሻ። ለሠርግ ከሆነ ቀኑን፣ ለክርስትና ከሆነ የልጁን ዕድሜ እጠይቃለሁ። የሐዘን ልብስ የምታዝ ሴት ማን እንደሞተባት ሳልጠይቃት ትነግረኛለች። «ወገቡን ለቀቅ አድርጊው፣ ገና ለማንም አልተናገርኩም» ያለችኝ ደንበኛም አለች። ማርገዟን ከእናቷ ቀድሜ ሰማሁ ማለት ነው። አንዳንዴ ከንስሐ አባት የማልተናነስ ይመስለኛል። ልዩነቱ የኔ ሁሉ ነገር ቴሌግራም ላይ መቀመጡ ነው።

ሱቄ ጎንደር፣ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ነው። ከፋሲል ግቢ የሚወጣ ቱሪስት አልፎ አልፎ ጎራ ይላል፤ እንጀራዬ ግን ያለው ስልኬ ውስጥ ነው። አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተን፣ ፍራንክፈርት፣ ስቶክሆልም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ሱቁ ክፍት ሆኖ ሥራው ተዘግቶ ነበር። የሱን ነገር ሌላ ቀን አወራዋለሁ።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ከጥምቀት በፊት ሱቅ የመጣ አንድ ልጅ ነው። ጨዋ ነው፣ ደህና ለብሷል። «እህቴ፣ የዳያስፖራ ደንበኛ ዝርዝር አለኝ፤ ላንቺ በቅናሽ» አለኝና ስልኩ ላይ ኤክሴል ከፈተ። ስም፣ ስልክ፣ የመጡበት አገር፣ ያረፉበት ቤት። ጥምቀትን ለማክበር ከዚህ ቀደም ጎንደር የመጡ ሰዎች ናቸው። ከየት እንዳገኘው ስጠይቀው ሳቅ ብሎ አለፈኝ። ከእንግዳ መዝገብ የተገለበጠ መሆኑን ለማወቅ ግን ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ዳር ላይ «ማስታወሻ» የሚል አምድ አለ። «ጥሩ ከፋይ» ይላል አንዱ። «ከነቤተሰቡ» ይላል ሌላው። ዝቅ ብሎ አንዱ ሰውዬ ፊት ለፊት «ሚስቱ አይደለችም» ተብሎ ተጽፏል።

ያ ሰውዬ ስሙንና ስልኩን የሰጠው የአልጋ ቁልፍ ለመቀበል ነው። አሁን ቀሚስ ሻጭ፣ መኪና አከራይ፣ ቤት ደላላ ሁሉ እያየው ነው። «አይ ወንድሜ፣ ይቅርብኝ» ብዬ ሸኘሁት። ሲወጣ «ሁሉም እኮ እየገዛ ነው» አለኝ። ሳይዋሽ አይቀርም ብዬ እንዳልጽናና፣ እኔው ስልክ ላይ በየበዓሉ ከማላውቃቸው ሱቆች የሚጎርፈው «እንኳን አደረሰዎ» ምስክሩ ነው።

ብዙ ነጋዴ የማያውቀው እንዲህ ያለ ዝርዝር ገዝቶ ለሁሉም ማስታወቂያ መላክ ሊያስከስስ እንደሚችል ነው። ሕጉ ደግሞ የትናንት አይደለም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 15ን አንብቡት። ተቀባዩ አስቀድሞ ሳይፈቅድ ዕቃ ወይም አገልግሎት ለማስተዋወቅ ወይም ለመሸጥ ብሎ ኢሜይልና መሰል መልእክት የሚያሰራጭ ሰው እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራትና እስከ 30,000 ብር መቀጮ አለበት። ነገሩ ከከበደ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራትና እስከ 50,000 ብር ይደርሳል። መውጫም አለው። ላኪው ትክክለኛ ማንነቱንና አድራሻውን ከጻፈ፣ ተቀባዩም «ከእንግዲህ አትላኩልኝ» የሚልበት ቀላል መንገድ ካስቀመጠለት አይቀጣም። መውጫው ለኔ ሰፊ ሆኖ ይታየኛል። ያም ሆኖ በየበዓሉ የሚደርሱኝን መልእክቶች አየኋቸው። አድራሻ የጻፈም፣ «በቃኝ» የሚባልበት መንገድ ያስቀመጠም ብርቅ ነው።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መጣ። ምክር ቤቱ ያጸደቀው በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ነው። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለ ምዝገባው፣ መረጃ ወደ ውጭ አገር ስለ መላኩ፣ መረጃ ሲሾልክ በ72 ሰዓት ውስጥ ስለ ማሳወቁ ብዙ አለው። ጤናን፣ ሃይማኖትን፣ ብሔርን የመሰለ መረጃ ለብቻው ጠበቅ ያለ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የኔዋ ነፍሰ ጡር ደንበኛ እዚህ ውስጥ ናት። እኔን የያዘኝ ግን አንዱ ነጥብ ነው። መረጃ የሚሰበሰበው ለታወቀ ዓላማ ነው፤ ከዚያ ዓላማ ጋር ለማይሄድ ነገር መዋል የለበትም። ልኬቷን የሰጠችኝ ለቀሚስ ነው። ስልኳን የሰጠችኝ ዕቃው ሲደርስ እንዲደወልላት ነው። ለማስታወቂያ ስፈልገው ሌላ ፈቃድ መጠየቅ አለብኝ።

ይህን ይዤ ጥልፍ ወደሚሠሩልኝ ጋሼ ሄድኩ። ጋሼ ከኔ ዕድሜ በላይ መርፌ የያዙ ሰው ናቸው። ደብተራቸው ላይ የደንበኛ ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ ልኬት፣ አንዳንዴም የታተመ ፎቶ አለ። ደብተሩ የስፌት መኪናው ላይ ተዘርግቶ ይውላል፤ ሻይ የምታመጣው ልጅም፣ ክር የሚሸጠው ልጅም ሲገላልጡት አይቻለሁ። የአንዲት ሴት የዳሌ ስፋት ከነስልክ ቁጥሯ ለመንገደኛ ክፍት ነው። ስለዚህ ከአሁን በኋላ የትእዛዝ ቁጥርና ልኬት ብቻ ያለበት ብጣሽ ወረቀት እንደምሰጣቸው ነገርኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ልጄ፣ ቀሚስ ለሰው ነው እንጂ ለቁጥር ይሰፋል እንዴ?»

«ጋሼ፣ ሕግ ወጥቷል እኮ።»

«ሕጉ መርፌ ይዞ ያውቃል? ስሟን ካላወቅኩ እጄ አይታዘዘኝም።»

ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ የራሷ ስም ብቻ፣ ያለ አባት ስምና ያለ ስልክ፣ እንዲጻፍ ተስማማን። ሥራው ሲያልቅ ወረቀቱ ይቀደዳል። መቅደዱን ወደውታል። የድሮው ደብተር ግን አሁንም መሳቢያ ውስጥ አለ። «የዕድሜዬ ሥራ ነው፣ አይነካም» ብለዋል፤ እኔም ቢያንስ መሳቢያው ቁልፍ እንዲኖረው አድርጌያለሁ።

ቀጥሎ የመጣው ከጀርመን ነው። ፍራንክፈርት የምትኖር ያገሬ ልጅ፣ የድሮ ደንበኛ፣ ኢሜይል ላከችልኝ። «ሰላም እህቴ፣ ስለኔ ምን ምን መረጃ እንዳለሽ ዘርዝረሽ ላኪልኝ። ከዚያ አጥፊልኝ።» ምክንያቱን አልጻፈችም። መጻፍም አይጠበቅባትም።

የአውሮፓ ኅብረት ጂዲፒአር የሚባል የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አለው፤ በሥራ ላይ የዋለው ከግንቦት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። «እኔ ጎንደር ነኝ፣ ምን አገባኝ?» አይባልም። ኅብረቱ ውስጥ ለሚኖር ሰው ዕቃ እያቀረብኩ ከሆነ ሕጉ እዚህም ይከተለኛል። ዌብሳይቴ ጀርመን ውስጥ መከፈቱ ብቻውን በቂ አይደለም። ዋጋ በዩሮ ከጻፍኩ፣ «ወደ ጀርመን እንልካለን» ካልኩ ግን ያቺን አገር ዓይቼ እየሠራሁ ነው። የሰውየው ዜግነትም አይጠየቅም፤ እዚያ የምትኖር የጎንደር ልጅ እንደ ማንኛዋም ጀርመናዊት ትጠበቃለች። መልስ የምሰጣት በ1 ወር ውስጥ ነው። የቅጣቱ ጣሪያ 20 ሚሊዮን ዩሮ ወይም የዓመት ሽያጭ 4 በመቶ፣ ከሁለቱ የበለጠው ነው። የኔን ሽያጭ 4 በመቶ ብትሰሙ ትስቃላችሁ። ፒያሳ ድረስ መጥቶ የሚቀጣኝ የጀርመን ባለሥልጣን ይኖራል ብዬም አልሰጋም። የምሰጋው እሷ ለጓደኞቿ የምትነግረውን ነው፤ ግማሹ የፍራንክፈርት ትእዛዝ በእሷ በኩል የመጣ ነው።

ፍለጋው ግን አደከመኝ። የቴሌግራም ቻቱ አለ። የፌስቡክ ኢንቦክሱ አለ። ቀሚሱን ለብሳ የላከችው ፎቶ ስልኬ ውስጥ አለ፤ ስልኬ ደግሞ ሳልጠይቀው ወደ ጉግል ፎቶ ልኮታል። አድራሻዋ ዕቃ የሚልክልን ሰው ጋ አለ። ልኬቷ ጋሼ ደብተር ላይ አለ። እንዲያውም ከእህቷ ጋር በአንድ ገጽ ነው የተጻፈችው። ያንን ገጽ ለመቁረጥ ጋሼን ማስፈቀድ ከሁሉም ከበደ። ሁሉንም ዘርዝሬ ላክሁላት። ለግብር መያዝ ያለብኝን ደረሰኝ ማስቀረቴንም በግልጽ ጻፍኩ፤ እሱን የሚያዘው የኛ የታክስ ሕግ ነው። «አመሰግናለሁ፣ ደረሰኙ ችግር የለውም» አለችኝ።

አሜሪካ ላሉት የሕጉ ጠባይ ሌላ ነው። በፈረንጆቹ 2003 የወጣው የኢሜይል ማስታወቂያ ሕጋቸው አስቀድሞ ፈቃድ አይጠይቅም፤ የፖስታ አድራሻና «በቃኝ» የሚባልበት መንገድ እንዲኖር፣ «በቃኝ» ያለም በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ከዝርዝሩ እንዲወጣ ግን ያዛል። እኔ ለሁሉም ጠበቅ ያለውን ነው የያዝኩት። ለዋሽንግተን አንድ፣ ለስቶክሆልም ሌላ እያልኩ የምመዘግብበት ጊዜ የለኝም።

ፔጅ ቡስት የሚያደርጉልን፣ ማለትም የፌስቡክ ገጻችንን በክፍያ ለብዙ ሰው የሚያሳዩልን ልጆች ደግሞ አዲስ ነገር ይዘው መጥተዋል። «የደንበኞችሽን ስልክ ፌስቡክ ላይ እንጫነው፤ እነሱንና እነሱን የሚመስሉትን ለይቶ ማስታወቂያ ያሳይልሻል።» ይሠራል፣ አልክድም። ግን ደንበኛዬ ስልኳን የሰጠችው ለኔ ነው። ፈቃድ ከሰጡኝ ሰዎች ውጭ የማንንም አላስጭንም።

ስለ ፎቶ ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ጎንደር ላይ ትልቁ ጥፋት እዚህ ነው። የጥምቀት ዕለት ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ቆንጆ የለበሰች ልጅ ሁሉ ትነሣለች። ሳምንት ሳይሞላ ፊቷ የአንዱ ሱቅ ማስታወቂያ ላይ ይወጣል፣ «ዋጋ በኢንቦክስ» ከሚል ጽሑፍ ጋር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ኢንተርኔት ሳይታሰብ የተጻፈ ሕግ ነው። ቀጣዩ አንቀጽ በሕዝብ ፊት ለተደረገ ሥነ ሥርዓትና ለመሳሰለው ልዩነት ያስቀምጣል፤ የበዓሉን ሕዝብ አንስቶ ማሳየት ለዚህ ነው የሚቻለው። ግን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንዲትን ልጅ ቆርጦ አውጥቶ የማታውቀውን ቀሚስ ማሻሻጫ ማድረግ በዓሉን ማሳየት ነው ብሎ የሚከራከር ካለ እኔ አላምነውም። እኔ የምጠቀመው ደንበኛ ራሷ «ለጥፊው» ብላ በጽሑፍ የፈቀደችውን ነው። «አምሮብሻል፣ ልለጥፈው?» ስላት የልብ ምልክት ብቻ ልካ ዝም ያለችን አልለጥፍም። ልብ መላክ ፈቃድ አይደለም።

ለማስታወቂያም እንደዚሁ ነው። ክፍያው ካለቀ በኋላ ለብቻው አንድ መልእክት እልካለሁ፦ «ለጥምቀትና ለፋሲካ አዲስ ዲዛይን ሲመጣ በዚህ ቁጥር ልላክልሽ? ከፈለግሽ አዎ በይኝ። በፈለግሽ ሰዓት "በቃ" ብትይኝ አቆማለሁ።» ዝም ያለች አልፈቀደችም ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በፈረንጆቹ 2019 ዌብሳይት ላይ አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ፈቃድ እንዳልሆነ ወስኗል፤ ዝም ማለትን አዎ ብሎ መቁጠር እዚያም አልሠራም። ጎረቤቴ «አታካብጂ፣ ደንበኛ ታባርሪያለሽ» ትለኛለች። እሷ ያን የልጁን ዝርዝር ሳትገዛው አልቀረችም፤ የስዊድን ቁጥር ያለው ሰው ደውሎ ሲጮህባት ግድግዳውን አልፎ ሰምቼዋለሁ።

የፈቃድ መጠየቂያ መልእክቱን ገልብጣችሁ መጠቀም ትችላላችሁ። የሱቃችሁን ስምና አድራሻ ብቻ ከሥሩ ጨምሩበት።