አንዲት «ሳቀች»

ትናንት ማታ የሁለት ሴቶችን የመጀመሪያ ፍቅር የሚተርክ አጭር ልብ ወለድ አነበብኩ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዛሬ ጠዋት ዕቃ ስበረብር የሃያ ዓመቴን ደብተር አገኘሁት። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

ከዳር እስከ ዳር ስለ እሷ ነው የተጻፈው። የመጀመሪያ ፍቅሬ ነበረች። ደብተሩ ውስጥ ግን እሷ የለችም። «መጣ» ይላል። «ዝም አለኝ» ይላል። «ናፈቀኝ» ይላል። ሰው እጅ ቢገባስ ብዬ ፈርቼ፣ ወንድ አድርጌ ጽፌያታለሁ።

በአማርኛ እንዲህ ያለውን ነገር መደበቅ ከባድ ነው። ስም ቢተው እንኳ ግሱ ያሳብቃል። «እወድሃለሁ» እና «እወድሻለሁ» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ብቻ ነው። እኔ ከዚያች ፊደል ኋላ ተሸሽጌ ሁለት ዓመት ኖርኩ። «እሳቸው» እያልኩ መጻፍም እችል ነበር፤ አንቱታ ወንድና ሴት አይለይም። ግን የልቡን ሰው አንቱ የሚል ማን አለ?

ከሁሉ በላይ የሚመጣብኝ ንባባችን ነው። አንድ መጽሐፍ ለሁለት ነበር የምናነበው፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን። እሷ ፈጣን ናት። ቀድማኝ ትጨርስና የገጹን ጥግ በሁለት ጣቷ ይዛ ትጠብቀኛለች። «ጨረስሽ?» ትለኛለች ቀስ ብላ። ጨርሼም «ቆይ» እላት ነበር። ገጹ እንዳይገለጥ፣ ያች ትከሻ እንዳትርቅ። ዛሬም ብቻዬን ሳነብ ገጹ መጨረሻ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ለምን እንደምቆይ የገባኝ ገና አሁን ነው።

አልተጣላንም። ራቅ ወዳለ ቦታ ሄደች፣ ደብዳቤው ሳሳ፣ ከዚያ ቀረ። በመካከላችን የነበረውን ነገር አንድም ቀን በስሙ ሳንጠራው።

ናፍቆት በአንድ ወቅት እንደ በሽታ ይታይ ነበር። «ኖስታልጂያ» የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1688 የሠራው ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የሕክምና ተማሪ ነው። መመለስና ሕመም የሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላትን አጋጥሞ፣ የአገራቸው ናፍቆት ለጎዳቸው ሰዎች የበሽታ ስም አደረገው። እኛ የነበረን ዓይነት ፍቅርም በበሽታ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ኖሯል። የዓለም ጤና ድርጅት ከመዝገቡ የሰረዘው እ.ኤ.አ. ሜይ 17 ቀን 1990 ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ሳስባቸው ሆዴ ይላወሳል። እሷን መውደዴ አላመመኝም። መናፈቄም ቢሆን ይጣፍጠኛል። ያመመኝ መደበቁ ነው። በገዛ ደብተሬ፣ በገዛ እጄ ጽሑፍ እሷን ማጥፋቴ ነው።

መሃል አካባቢ አንድ ገጽ ላይ ስደርስ ቆምኩ። «እጄን ያዘና ሳቀች» ይላል። በዚያ ሁሉ ጥንቃቄ መሃል አንዲት ቃል አምልጣኛለች። ያን ቀን ደስታዬ ምን ያህል ቢሆን ነው መጠንቀቁን የረሳሁት! ዓረፍተ ነገሩን ደጋግሜ አነበብኩት። ሳቋን የሰማሁት መሰለኝ። አለቀስኩ።

ከዚያ እስክሪብቶ ፈልጌ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። «መጣ» የሚለውን «መጣች» አደረግሁት። «ናፈቀኝ» የሚለውን «ናፈቀችኝ»። ቀለሙ አንድ ዓይነት አይደለም፣ የተጨመረው ፊደል ከሩቅ ይለያል። ይለይ። እዚያ ገጽ ስደርስ «ያዘና» ላይ አንድ «ች» አስገባሁ።

«ሳቀች»ን አልነካኋትም።