ቢጫው ስንት ሰከንድ ነው?

ጅማ ላይ ዝናቡ ሲበረታና አስፋልቱ ሲረጥብ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ሐሳብ ነው። ቀይ መብራት የጣሰ በካሜራ ይቀጣ ሲባል ክርክሩ ወዲያው ቅጣቱ ስንት ብር ይሁን ወደሚለው ይሮጣል። እኔ ግን ከብሩ በፊት የትራፊክ መብራቱ ቢጫ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ይለካ ባይ ነኝ።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሾፌሩ ቢጫውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ 1 ሰከንድ ቢፈጅበት፣ ሳይደናበር ለመቆም ደግሞ ሌላ 32 ሜትር ይፈልጋል፤ በድምሩ 46። ቢጫው 3 ሰከንድ ከሆነ ቀይ ሳይበራ መቆሚያው መስመር ላይ የሚደርሰው ከ42 ሜትር ወዲህ ያለው ብቻ ነው። በ42 እና በ46 መካከል ያለው ምን ያድርግ? ፍሬን ቢይዝ መስመሩን አልፎ ይቆማል፣ ቢሄድ ቀይ ይቀድመዋል። ቢጫው 2.5 ሰከንድ ሲሆን ወጥመዷ ከ4 ሜትር ወደ 11 ትሰፋለች። ፍጥነቱ 40 ቢሆን ግን ያው የ3 ሰከንድ ቢጫ ይበቃል፤ ለመቆም 31 ሜትር፣ ለማለፍ 33። ከመስቀለኛው አስቀድሞ ፍጥነት የሚያበርድ ጉብታ መሥራት ከካሜራ ይረክሳል።

ይህ ሁሉ ለቤት መኪናና ለደረቅ መንገድ ነው። በ50 የሚሄድ ቡና የጫነ አይሱዙ በእርጥብ አስፋልት ላይ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ7 ኪሎ ሜትር ብቻ እየወረደ የሚቆም ከሆነ 4.5 ሰከንድ ያህል ቢጫ ያስፈልገዋል። ቁልቁለት ካለ ይጨመርበታል። ካሜራው ጭነት አይመዝን፣ ዝናብ አያይ!

ይጠቅማል ወይ ለሚለው፣ የአሜሪካ ፌዴራል የመንገድ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው ጥናት ካሜራ የተተከለባቸውን 132 ቦታዎች አይቶ ነበር። ከጎን የመጋጨት አደጋ 25 በመቶ ያህል ቀንሷል፣ ከኋላ የመገጨት ግን 15 በመቶ ያህል ጨምሯል። የጎን ግጭት ስለሚከፋ ጥናቱ በድምሩ መጠነኛ ጥቅም አለው አለ። ያ ሒሳብ ግን የተሠራው በዚያ አገር መኪና ነው። እኛ ዘንድ ድንገት ፍሬን የሚይዘው ባጃጅ፣ ከኋላው የሚመጣው አይሱዙ ሊሆን ይችላል፤ ከኋላ መገጨትን ቀላል አደጋ ማለት እዚህ አይሠራም።

ፍትሑስ? ካሜራ የሚያውቀው ታርጋን እንጂ ሾፌርን አይደለም። ባጃጁን ለሾፌር ሰጥቶ የቀን ገቢ የሚቀበል ባለንብረት ክሱ ቀናት ቆይቶ ሲደርሰው የዚያን ዕለት ማን ይዞት እንደነበር ይረሳል። ከገጠር ጭቃ ለብሶ የገባው ታርጋ ደግሞ አይነበብም፤ አጥቦ የወጣው ቅጣቱን ይከፍላል።

በቺካጎ እ.ኤ.አ. በ2014 ቢጫው 2.9 ሰከንድ ቢሆንም ቅጣቱ ይጽና ተብሎ 77,000 ያህል ክስ ወጣ፤ ቀድሞ ከ3 ሰከንድ ያነሰ ከሆነ ውድቅ ይደረግ ነበር። አንድ አስረኛ ሰከንድ!

መለካቱ ስልክ ብቻ ይፈልጋል። መብራቱን በሰከንድ 30 ምስል በሚያነሳ ቪዲዮ ቅዱት፣ ቢጫው ከበራበት እስከ ቀዩ ምስሎቹን ቁጠሩ፤ 90 ከሆነ 3 ሰከንድ ነው። በአንድ ዙር አይቁም፤ ጠዋትም ማታም ይደገም፣ መቆጣጠሪያው እንደ ሰዓቱ ፕሮግራም ይቀይራልና። መብራት ጠፍቶ ሲመለስም ይታይ። ክሱ ላይ ሁለት ፎቶ መኖር አለበት፦ መኪናው ከመስመሩ በፊት ሳለ ቀዩ በርቶ፣ ሁለተኛው መስቀለኛው ውስጥ ገብቶ። ከቀዩ በኋላ ያለፈው ጊዜ በአስረኛ ሰከንድ፣ የቢጫው ርዝመትም አብሮ ይጻፍ። ቀይ በበራ በ3ኛው ሰከንድ የገባ ሾፌር የሚሟገትበት የለውም። ክሶቹ በብዛት 0.2 እና 0.3 ላይ ከተከማቹ ግን ቢጫውን ያሳጠረው ሰው ይጠራ።