ሌሊት የተነቃነቀው ፌስታል

ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ ከበሩ ሥር ኮሽ፣ ኮሽ የሚል ነገር ሰማሁ። አይጥ መሰለኝ። የስልኬን መብራት አብርቼ ስጠጋ ድምፁ የሚመጣው ልጆቹ ቀን ዛጎል ከሞሉበት ፌስታል ውስጥ ነው። ከፍቼ ባየው የአውራ ጣቴን ጫፍ የሚያህል ጠምዛዛ ዛጎል ሌሎቹን እየረገጠ ሽቅብ ይወጣል። እግር አለው።

ትልቋ ልጄ ከኋላዬ ቆማለች። «እማዬ፣ ዛጎሉ ነፍስ ዘራ!»

ነፍስ የዘራው ዛጎሉ ሳይሆን ውስጡ ያለው ሸርጣን ነበር። ይህ የሸርጣን ዓይነት ከወገቡ በታች ገላው ለስላሳ ስለሆነ ቀንድ አውጣ ሞታ የተወችውን ዛጎል ለብሶ ይኖራል፤ ሲያድግና ሲጠብበው ሰፋ ያለ ፈልጎ ይቀይራል። እኛ ደግሞ ባዶ ቤት የለቀምን መስሎን ከነባለቤቱ ወስደነዋል። እርጥብ አሸዋ በቀረበት ባልዲ ውስጥ አሳደርነው። ሲነጋ ሦስቱም ልጆች በሌሊት ልብሳቸው ከፊቴ እየሮጡ ወደ ባሕሩ ወረዱ፤ ትንሹ ልጄ በሁለት መዳፉ ይዞ ከለቀምንበት ድንጋይ ሥር አስቀመጠው።

ከዚያ በኋላ ሕግ አወጣን። የተለቀመ ዛጎል ሁሉ መጀመሪያ የባሕር ውሃ ባለበት ባልዲ ይገባና ዙሪያውን ቁጭ ብለን በዝምታ እንጠብቃለን። የሚንቀሳቀስ ካለ ወዲያው ይመለሳል። ነገሩ ለጥንቃቄ ነበር፤ ልጆቹ ግን ከሁሉ የወደዱት ጨዋታ ሆኖ አረፈው። መጀመሪያ የተነፈሰ ተሸናፊ ነው። አምስት ደቂቃ ጸጥ ብለው መቀመጣቸውን ባላይ ኖሮ አላምንም ነበር። በእኔ በኩል ሌላ ሕግ ጨመርኩ፦ ሾጣጣ፣ ጥለት ያለበት የሚያምር ዛጎል ውሃ ውስጥ ካያችሁ በእጃችሁ አትንኩ። በሞቃት ባሕሮች የሚኖሩት እነዚህ ቀንድ አውጣዎች መርዘኛ መውጊያ አላቸው፤ ሰው የሚገድሉም አሉ።

እኔ ለጉዞው ሙጫ፣ ቀለምና ብልጭልጭ ሸክፌ ነበር። የአንገት ጌጥ እናደርጋለን ብዬም ምስማርና ክር ይዣለሁ። ዛጎል በምስማር መብሳት እንደማወራው ቀላል አይደለም፤ አራቱን ሰበርኩ፣ አምስተኛው ላይ ጣቴን መታሁ። የእህቴ ልጅ ስታየኝ ቆይታ ሄደች፤ ስትመለስ የተበሱ ዛጎሎች እፍኝ ሙሉ ይዛለች። «አክስቴ፣ እነዚህ እኮ ተበስተው ነው ያሉት።»

አንዱን ተቀብዬ አገላበጥኩት። ቀዳዳው ድንጋይ ያደረገው አይመስልም፤ ክብ ነው፣ ጠርዙ ለስላሳ፣ ከውጭ ሰፋ ብሎ ወደ ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል። በሳው ሌላ ቀንድ አውጣ ነው። በእግሯ አጥብቃ ትይዘውና ዛጎሉን የሚያለሰልስ ፈሳሽ እየቀባች፣ ጥርስ በተደረደረበት ምላሷ ትፍቀዋለች። ሲበሳ ውስጡ ያለውን ትበላለች። ይህን ስነግራቸው ትልቋ ፊቷን ያዘች፤ የእህቴ ልጅ ግን ለአንገቷ የምትፈልገው ይህንኑ ብቻ ሆነ፤ «የተበሉት» ትላቸዋለች። ምስማሬን ሰብስቤ ከቦርሳው ከተትኩ።

ለነገሩ ሙጫውም ብዙ አልሠራም። ደግሞ የባሕር ዛጎል ላይ ብልጭልጭ መርጨት ለምን እንዳስፈለገኝ አሁን ሳስበው አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲበረታ ጥላ ሥር ፎጣ ዘርግተን ጥንድ ፍለጋ እንጫወታለን። ሁለት ክዳን ያላቸውን ለያይተን እንቀላቅላለን፤ ከዚያ ማን ብዙ ያጋባል? መጠናቸው እኩል፣ ቀለማቸው አንድ የሆነ ሁለት ክዳኖች እንኳ ጥንድ ካልሆኑ በማጠፊያው ላይ ያሉት ጥርሶች አልገናኝ ይላሉ፤ ትክክለኛው ጥንድ ሲገኝ ግን ቀጭ ብሎ ይቀመጣል። የአራት ዓመቱ ልጄ በዚህ ሁላችንንም አሸነፈ፤ እኛ በዓይን ስንፈልግ እሱ በጣቱ ይዳስሳል።

ጠምዛዞቹ ሌላ ውድድር አመጡ። ሹል ጫፉን ወደ ላይ፣ አፉን ወደ ራሳችሁ አድርጋችሁ ያዙት፤ መግቢያው በቀኝ በኩል ይሆናል። ከ10 የቀንድ አውጣ ዝርያዎች 9 ያህሉ ወደ ቀኝ የሚጠመዘዙ ናቸው። ግራኝ ላገኘ በመኪናው የፊት ወንበር እንደሚቀመጥ ቃል ገባሁ። አራት ቀን ተፈልጎ አልተገኘም፤ የፊት ወንበሩም ለእኔ ቀረ። ፍለጋው ላይ ሳሉ ትልቋ «ቀንድ አውጣዋስ ሲጠብባት የት ትሄዳለች?» አለች። የትም አትሄድም፤ በአፉ ጠርዝ ላይ እየጨመረች ስለምትሠራው ቤቱ አብሯት ያድጋል። ሹሉ ጫፍ የሕፃንነቷ ክፍል ነው ስላት ያንን ነጥብ የምታህል ጫፍ ዓይኗ ሥር አስጠግታ ረጅም ጊዜ አየችው።

ሦስተኛው ቀን ዝናብ ሆነ። የተሰባበሩትን ብርጭቆ ውስጥ አድርገን ኮምጣጤ ጨመርንበት፤ ወዲያው አረፋ ያዘው። ዛጎል በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ኮምጣጤው ሲነካው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ትንሹ ጆሮውን ብርጭቆው ላይ ለጥፎ «ይተነፍሳል» አለ። ያን ቀን ጆሮ ሥራ በዝቶበት ነበር፦ በትልቁ ዛጎል ውስጥ ባሕሩን ሰሙ፣ ከዚያ ባዶ ኩባያ ሰጠኋቸው፤ ኩባያውም ባሕር አለው። የምንሰማው በዙሪያችን ያለውን ድምፅ ነው፤ ባዶው ቦታ ውስጥ እየተመላለሰ ይጎላል። የእህቴ ልጅ ግን ኩባያውን አልተቀበለችም፤ «የዛጎሉ እውነተኛ ነው» ብላ ድርቅ አለች።

የመጨረሻው ጠዋት እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ብቻ መርጦ ሌላውን እንዲመልስ ተስማማን። ትልልቆቹ ለመምረጥ ተጨቃጨቁ። ትንሹ ሁለት ብቻ ይዞ መጣ። ትልቁን ጠምዛዛ፣ ባሕር የሚሰማበትን፣ የት እንዳደረገው ስጠይቀው ወደዚያ ድንጋይ ጠቆመኝ። ሥሩ አስቀምጦታል፣ አፉን ወደ ውጭ አድርጎ። ሸርጣኑ ሲያድግ እንዲለብሰው።