መዝገቡስ?

ትናንት ማታ፣ ደብረ ማርቆስ ብርድ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ ሰርቨር ሳዛውር አመሸሁ። የቢሯችን ፋይሎች ያሉበትን ኔክስትክላውድ (በራስህ ሰርቨር ላይ የምትጭነው የፋይል ማስቀመጫና ማጋሪያ ፕሮግራም) ከአሮጌው ማሽን ወደ አዲሱ። አሮጌውን ማንም እንዳይጠቀምበት ሜንቴናንስ ሞድ ላይ አደረግኩና ኮፒውን በአርሲንክ (ፋይል መገልበጫ ፕሮግራም ነው) ለቀቅኩት። ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ (ሌላ ምን ይሄዳል!)። ደግነቱ አርሲንክን እንደገና ስታስነሳው የተሻገረውን ፋይል አይደግምም። ሌሊቱን አለቀ።

ጠዋት አዲሱን ከፈትኩ። ፎልደሮቻችን የሉም። የሠራተኞቹ ስም እንኳን የለም። ዲስኩ ላይ ግን ሁሉም ቁጭ ብሏል!

የመዝገብ ቤቷ እትዬ ብቅ አሉ። «ፋይሎቹ አሉ ወይስ የሉም?»

«አሉ እትዬ፤ ግን አይታዩም።»

ትንሽ ዝም አሉና «መዝገቡንስ አምጥተኸዋል ልጄ?» አሉኝ።

ድሮ ቢሮው ሲዛወር ወዛደሮቹ ፋይሉን በማዳበሪያ ተሸክመው፣ መዝገቡን የአሮጌው ቤት መስኮት ላይ ረስተውት ነበር አሉ። ክረምቱን ሙሉ ፋይል እየገለጡ የማን እንደሆነ ሲያነቡ ከረሙ።

የእኔ መዝገብ ዳታቤዙ ነው። የትኛው ፋይል የማን እንደሆነ፣ ለማን እንደተጋራ የሚያውቀው እሱ። እንቅልፍ ይሁን ችኮላ፣ እሱን ትቼ ማዳበሪያውን ብቻ ተሸክሜ መጥቻለሁ። ክላውድ እንበለው እንጂ ያው መዝገብ ቤት ነው ለካ።

ዳታቤዙንና የኮንፊግ ፋይሉን (የፕሮግራሙ ቅንብር ያለበትን) ካሮጌው አመጣሁ። ከምሳ በፊት ሁሉም ቦታው ላይ ነበር።

እትዬ ሲወጡ «አሮጌውን ቶሎ እንዳትጥለው» አሉኝ። ጥግ ላይ ጨርቅ አልብሼ አስቀምጬዋለሁ።