ተጠባባቂ

ዛሬ ደሴ ከገባሁ አራተኛ ቀኔ ነው። ጠዋት ጦሳ በጉም ተሸፍኖ ነበር፣ ከሰዓት ገለጥ ሲል እማዬ ቡና አፈላች፣ ጎረቤታችን እትዬም ነጠላቸውን ጣል አርገው መጡ፣ እና ስንት ዓመት ስሸሸው የኖርኩትን ነገር ቶናው ላይ ነገርኳት። ወታደር ነኝ አልኳት።

እስከዛሬ የምታውቀው "ኮምፒውተር ነው የሚሰራው" የሚለውን ነው። ውሸት አይደለም፣ ከሰኞ እስከ አርብ የአንድ መስሪያ ቤት ኔትወርክ ነው የምይዘው። ግን በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ ዩኒፎርም ለብሼ የአሜሪካ ጦር ሪዘርቭ ውስጥ የመገናኛ መኮንን ነኝ፣ በዓመት ደግሞ ሁለት ሳምንት ሜዳ እንወጣለን። በስልክ ልነግራት ስንቴ አፌ ላይ መጥቶ እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ያስፈራኝ ቃሉ ነው። ሪዘርቭን በአማርኛ ምን ልበላት? ተጠባባቂ ጦር ነው እኮ። እዚህ ወሎ በሷ እድሜ ያለ ሰው ይሄን ቃል የሚያውቀው ከደርግ ጊዜ ነው። በ1975 የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ወንድ 6 ወር ስልጠና፣ 2 ዓመት አገልግሎት፣ ከዛ ተጠባባቂ ይል ነበር። ታናሽ ወንድሟ በዛ ሄዶ አልተመለሰም። አያቴ እስክትሞት ድረስ ጋቢውን ለማንም አልሰጠችም። ታዲያ እኔ ማንም ሳያፍሰኝ፣ በገዛ እጄ ፈርሜ ገባሁ ብዬ እንዴት ልንገራት።

የገባሁት መጀመሪያ ተራ ወታደር ሆኜ ነው፣ ግሪን ካርድ ብቻ ስለነበረኝ። መኮንን ለመሆን ዜግነትና ዲግሪ ያስፈልጋል። ዜግነቱ ሲመጣ አመለከትኩ፣ ጆርጂያ ፎርት ቤኒንግ 12 ሳምንት የእጩ መኮንን ኮርስ፣ ቀጥሎ እዛው ጆርጂያ ፎርት ጎርደን የመገናኛ ትምህርት ቤት። ስለ ኮርሱ ብዙ የምለው የለም፣ እንቅልፍ ማጣት ነው በቃ።

ከሁሉም የማልረሳው ለክሊራንስ፣ ማለት ምስጢር ለመያዝ ለሚሰጠው ፈቃድ፣ የሚሞላውን ፎርም ነው። የ10 ዓመት አድራሻ፣ ስራ፣ ውጭ ያሉ ዘመዶች፣ የወላጅ ልደት ቀን ከነቦታው። የእማዬን ልደት ማን ያውቃል? ስደውልላት "ለግሸን ማርያም ሰሞን ነው፣ እናቴን በኔ ምክንያት ንግሱ አለፋት ሲሏት እሰማለሁ" አለችኝ። መስከረም 21ን ወደ ፈረንጅ ስመልሰው ኦክቶበር 1 ሆነ፣ ዓመተ ምህረቱን ደግሞ ከታላቅ እህቷ ጋብቻ ተነስተን ቆጠርን፣ እና "በግምት" የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረግኩ። የቤት ቁጥር የሚለው ጋ ስደርስ ከሸዋ በር ገባ ብሎ ከማለት ሌላ የምጽፈው ጠፋኝ። ሊያጣራ የመጣው ሰውዬ ያንን ገጽ ይዞ አንድ በአንድ ሲጠይቀኝ ከማንኛውም ፈተና በላይ ላብ አስመጣብኝ፣ ግን ምንም አልደበቅኩም፣ ያለፍኩትም በዛ ይመስለኛል። አሁን ራሱ ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ጉዞዬን አስመዝግቤ ነው የመጣሁት።

ሪዘርቭ ውስጥ ማደግ የሚባለውን ነገር ደግሞ ማንም ቁጭ አርጎ አያስረዳህም። ከምክትል መቶ አለቃ ወደ መቶ አለቃ ትምህርትህን ከጨረስክ ጊዜው ሲደርስ ይመጣል። ሻምበል ላይ ግን ቦርድ አለ፣ ቦርዱ አንተን አያይህም፣ ፋይልህን ነው የሚያየው። የመጀመሪያ ዙር ሳልመረጥ ቀረሁ፣ አንድ የስራ ግምገማዬ ፋይሉ ውስጥ ሳይገባ ቀርቶ። የዛን ቀን ያህል ተናድጄ አላውቅም፣ ከዛ በኋላ ፋይሌን በየወሩ ራሴ ነው የማየው። ስራው በወር ሁለት ቀን ነው ሲባል አትመኑ፣ ማታ ማታ ከስራ መልስ ኢሜይል፣ የሬዲዮ እቅድ፣ የሰርተፊኬት ጥናት ምናምን አለ፣ ብዙው አይከፈልም። ጡረታ ለማግኘት 20 ዓመት፣ በየዓመቱ ቢያንስ 50 የአገልግሎት ነጥብ።

ግን ስራውን እወደዋለሁ፣ የወደድኩት ደግሞ በ2014 ነው። ጥቅምት 20 ገደማ ደሴ በጦርነቱ ስትያዝ ስልክ ጠፋ። እኛ አንድ እቅድ ስናወጣ መገናኛውን አራት ደራርበን ነው፣ ዋናው ሲቆረጥ ተለዋጩ፣ እሱም ሲሄድ ሶስተኛው፣ ከዛ የክፉ ቀን የሚባለው፣ ያ ሯጭ መልዕክተኛም ሊሆን ይችላል። ይሄን ለሌላው ሳስተምር የኖርኩት ሰውዬ ለእናቴ ያለኝ አንድ የሞባይል ቁጥር ብቻ ነበር። ደህና መሆኗን የሰማሁት በእግሩ ወጥቶ ደብረ ብርሃን ከደረሰ የሰፈር ልጅ ነው። በዛ ወር ለልምምድ ስሄድ አንቴና የሚያቆመውን የ19 ዓመት ልጅ አጠገቡ ቆሜ፣ ምልክቱ እስኪመጣ ድረስ ቁጭ አላልኩም።

እማዬ ሁሉንም ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዛ "ሊጠሩህ ይችላሉ?" አለችኝ። አዎ አልኳት፣ መዋሸት አልቻልኩም።

"ወንድሜንም ለሁለት ዓመት ነው ብለውን ነበር" አለች።

እትዬ "አብሽሪ፣ የሱ እኮ በፈቃዱ ነው" አሉ፣ እሷ አልመለሰችም፣ ረከቦቱን ሳብ አርጋ በረካውን ቀዳች። ሲኒዋን ስትሰጠኝ "ማዕረግህስ?" አለች። ሻምበል አልኳት። "ሻምበል" ብላ ደገመችው፣ ሌላ ምንም አላለችም።

ማታ ራት ከበላን በኋላ ደብተር አምጣ አለችኝ። ስለ አራቱ ድርብ መገናኛ ያወራሁትን ይዛው ኖሯል። አንደኛ የሷን ስልክ ጻፍን፣ ሁለተኛ የእትዬን፣ ሶስተኛ ኮምቦልቻ ያለችውን እህቴን። አራተኛው ላይ አስር ሰው ጠርተን አስር ሰው ጣልን፣ አንዱ አርጅቷል፣ አንዱ አዲስ አበባ ገብቷል። ነገ ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ እንሄዳለን፣ እህቴ ሹፌሮች ታውቃለች፣ እሷን እንጠይቃታለን።